በክረምት የቃጫ ፓኔል ለምን ያብጣል? ጠይቁኝ

እሺ፣ ደብረ ብርሃን ዛሬ ከሰዓት ጀምሮ ዝናቡ አላቆመም፣ ስራም የለም፣ እና ቁጭ ብዬ ስለ ቃጫ ኮምፖዚት የምትጠይቁኝን ልመልስ። እኔ ፋይበርግላስ ላይ ነው ያደግኩት፣ አሁን ግን በመስታወቱ ክር ፋንታ ቃጫ እየከተትኩ በር፣ ኮርኒስ፣ ፓኔል ምናምን እሞክራለሁ። ካሳካሁት ያበላሸሁት ይበዛል፣ ስለዚህ ደፍራችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ ኮምፖዚት ኮምፖዚት ትላላችሁ፣ በቀላሉ ምን ማለት ነው?

የአያትህ ቤት ግድግዳ ነዋ። ጭቃ ብቻውን ብትመርገው ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፣ የጤፍ ጭድ አስገብተህ ካቦካኸው ግን ጭዱ ስንጥቁን ይዞ ያስቀረዋል። እኛም ያደረግነው ይሄንኑ ነው፣ በጭቃው ቦታ ሬዚን (ፈሳሽ ሆኖ ተቀብቶ የሚጠነክር ሙጫ በለው)፣ በጭዱ ቦታ ቃጫ። ደግሞ ያ ግድግዳ መጀመሪያ የሚፈርሰው የቱ ጋ እንደሆነ አስታውስ፣ ከታች፣ የጣሪያው ፍንጣቂ እየመታው እርጥብ ሆኖ የሚከርመው ጋ። ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ እዛች እግሩ ስር ነው ያለው።

ጥያቄ፦ ፋይበርግላስ ውሃ ውስጥ ስንት ዓመት ይቆያል፣ ቃጫው ለምን አይችልም?

መስታወት ውሃ አይጠጣም፣ ቃጫ ይጠጣል። ቃጫ በአብዛኛው ሴሉሎስና ሄሚሴሉሎስ የሚባሉ የተክል አካል የሚሰራባቸው ነገሮች ነው፣ እነሱ ላይ ደግሞ ሃይድሮክሲል የሚባል ውሃ ወዳጅ ነገር ተሰክቶባቸዋል፣ ውሃ ሲያገኝ ይይዘዋል። ደርቋል ብለህ ከቤት ያስቀመጥከው ቃጫ ራሱ ከአየሩ ብቻ ከክብደቱ 10 በመቶ ገደማ ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው።

አሁን ሬዚን ውስጥ ያለው ቃጫ ውሃ ሲያገኝ ወደ ጎን ያብጣል፣ ሬዚኑን ይገፋዋል፣ ትናንሽ ስንጥቅ ይፈጠራል። ሲደርቅ ደግሞ ይኮማተርና ከሬዚኑ ይላቀቃል፣ በመሃል ክፍተት ይቀራል፣ ያ ክፍተት ለሚቀጥለው ዝናብ ቱቦ ሆነለት ማለት ነው። ለዚህ ነው ሁሌ እርጥብ ከሆነ ቦታ ይልቅ አንዴ እየረጠበ አንዴ እየደረቀ የሚከርም ቦታ ብዙ ጊዜ ቶሎ የሚያላቅቀው። የእኛ ሀገር በልግና ክረምት፣ በመሃል ደግሞ ያ የሚያቃጥል የደጋ ፀሐይ፣ ለዚህ ስራ ቢፈልጉት የማይገኝ ፈተና ነው ስልህ።

ጥያቄ፦ ሸዋ ሮቢት ነኝ፣ እዚህ ሙቀት ነው፣ ብርድ ስለሌለ ይሻለኛል?

በውርጩ በኩል አዎ ይሻልሃል። እኛ ጋ በጥቅምትና በህዳር ሌሊት ውርጭ ይጥላል፣ ስንጥቅ ውስጥ የገባ ውሃ በረዶ ሲሆን በ9 በመቶ ገደማ ስለሚሰፋ ስንጥቁን ይበልጥ ይከፍተዋል። ግን ሙቀት ደግሞ ውሃው ወደ ውስጥ የሚገባበትን ፍጥነት ይጨምረዋል፣ እና ዝናብ የሚመታው ቦታ ካደረግከው አንተም አታመልጥም። እዛ ደግሞ ምስጥ አለ፣ የፓኔሉን እግር ከመሬት አንሳው።

ጥያቄ፦ ወፍራም አድርጌ ብሰራው አይቋቋምም?

ይዘገያል። ውፍረቱን 2 እጥፍ ብታደርገው ውሃው እስከ መሃል ለመድረስ 4 እጥፍ ገደማ ጊዜ ይፈጅበታል፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ግን በጎን በተቆረጠው ጠርዝ ከገባ ውፍረቱ ምንም አይሰራልህም፣ የቃጫው ጫፍ እዛ ጋ ክፍት ነው፣ እንደ ክር ስቦ ነው የሚያስገባው።

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። ለዶሮ ቤት በር ሰራሁ፣ ሁለቱንም ፊት ጄልኮት (ላዩን የሚሸፍነው የሚያብረቀርቅ ሬዚን) ቀባሁት፣ ሲያብረቀርቅ አይጣል ነው፣ ከዛ ማጠፊያ ለመግጠም በድሪል በሳሁትና ብሎኑን አስገብቼ ሄድኩ። ቀዳዳዎቹን ማን አሸጋቸው? ማንም። መስከረም ላይ ስመለስ በየብሎኑ ዙሪያ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፍቷል፣ በጣት ስጫነው እሺ ይላል፣ ከስር በኩል ደግሞ ጥቁር ጥቁር ሻጋታ ነጠብጣብ። መሃሉ ግን ደህና ነበር! ከዛ ወዲህ ቆርጬም በስቼም ስጨርስ ጠርዙንና ቀዳዳውን በሬዚን ሳልቀባ፣ ሳይደርቅም፣ ብሎን አልነካም።

ጥያቄ፦ ቃጫውን በኮስቲክ ሶዳ መዘፍዘፍ ያዋጣል ይላሉ፣ እውነት ነው?

እውነት ነው ግን አታምልኩት። ሶዳው ሰሙንና ከሄሚሴሉሎሱ የተወሰነውን ያጥባል፣ ላዩን ሻካራ ያደርገዋል፣ ሬዚኑ በደንብ ይይዘዋል፣ ውሃ መጠጣቱም ይቀንሳል። ይቀንሳል ነው ያልኩት፣ ይጠፋል አላልኩም። እኔ የምጠቀመው በ1 ሊትር ውሃ 50 ግራም ገደማ ነው፣ ለ2 ሰዓት ያህል፣ ከዛ ደጋግሞ ማጠብ፣ ማጠቢያው መጨረሻ ላይ ትንሽ ኮምጣጤ ጠብ ማድረግ። ሲበረታ ቃጫውን ራሱን ይበላዋል፣ ይበጣጠስብሃል።

ጥንቃቄው፦ ሶዳውን ነው ውሃ ላይ የምትጨምረው፣ ውሃውን ሶዳ ላይ እንዳታፈስ፣ ይፈላና ይረጭሃል። ጓንትና መነጽር አድርግ። ደግሞ የአልሙኒየም ድስት እንዳትጠቀም፣ ሶዳው አልሙኒየም ይበላል፣ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል፣ እናትህም ድስቷን አትምርህም። የፕላስቲክ ባልዲ ይበቃል።

ጥያቄ፦ የመንዝ በግ ፀጉር በቃጫው ፋንታ ብናስገባስ? እዚህ ሞልቷል

ሀሳቡ ይጥመኛል፣ ግን ከላይ ያልኩትን ሶዳ እንዳታስነካው! የበግ ፀጉር ፕሮቲን ነው፣ ሶዳው ያሟሟዋል፣ ባልዲው ውስጥ ዝልግልግ ነገር ነው የሚጠብቅህ። ፀጉር እርጥበትም ይወዳል፣ እርጥብ ሳይመስል ከክብደቱ 30 በመቶ ገደማ ሊይዝ ይችላል። ለኮርኒስ፣ ለሙቀት መከላከያ፣ ደረቅ ቦታ ላይ ግን ሞክረው።

ጥያቄ፦ እኔም ከመንዝ ነኝ፣ አባቶቻችን ገሳ ለብሰው ዝናብ ውስጥ ሲውሉ ሳሩ ለምን አልበሰበሰም ታዲያ?

ይሄን ጥያቄ የጠየቅከኝ ተባረክ። ገሳ የጓሳ ሳር ነው፣ ተደራርቦ ወደ ታች ስለተዘረጋ ውሃው ላዩ ላይ ይንሸራተትና ይወርዳል፣ ቤት ሲገባ ደግሞ ይሰቀላል፣ ነፋስ ያገኘዋል፣ ይደርቃል። የሳር ክዳንም እንደዛው፣ ጣሪያው ቀጥ ያለ ተዳፋት ከሆነ ይቆያል፣ ጠፍጣፋ ከሆነ ይበሰብሳል። ፓኔልህንም እንደዛ አስበው፣ አጋድለው፣ ከኋላው አየር ተውለት፣ ከግድግዳ ጋር አታጣብቀው።

ጥያቄ፦ ቃጫ በሲሚንቶ አድርጎ የጣሪያ ክዳን መስራትስ?

እዚህ ጋ ሌላ ጠላት አለ። ሲሚንቶ ውስጥ ያለው እርጥበት እንደ ሶዳው በጣም አልካላይን ነው፣ ፒኤቹ ከ12 በላይ፣ ቀስ እያለ የቃጫውን ሊግኒን (ክሮቹን አጣብቆ የሚይዘውን) እና ሄሚሴሉሎስ ይበላል፣ ክፍተቱን ደግሞ ከሲሚንቶው የሚመጣው ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ይሞላዋል፣ ቃጫው እንደ ደረቅ ጭራሮ ይሆናል። መጀመሪያ ጠንካራ የነበረ ክዳን ከጥቂት ዓመት በኋላ ተሰባሪ የሚሆነው ለዚህ ነው። ከኦፒሲ (ተራው ሲሚንቶ) ይልቅ ፒፒሲ (ፖዞላና የተቀላቀለበት) ሲሚንቶ ይሻላል፣ ውስጡ ያለው ፖዞላና፣ እንደ እሳተ ገሞራ አመድ ያለ ዱቄት፣ ያንን ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ስለሚቀንሰው። ግን ክዳን ሰው ራስ ላይ ነው ያለው፣ እኔ ለቤት አልሰራውም።

ጥያቄ፦ የመጠጥ ውሃ ታንከር በቃጫ?

አይሆንም። ሮቶ ግዛ።

ጥያቄ፦ የሰራሁት ፓኔል ጥሩ ይሁን አይሁን ላብራቶሪ ሳልሄድ በምን ልወቅ?

ትንሽ ቁራጭ ውሰድ፣ ጠርዙን ልክ እንደ ፓኔሉ አሽገው፣ በደንብ አድርቀህ በወርቅ ቤት ወይ በቅመም ሚዛን መዝነው። 24 ሰዓት ውሃ ውስጥ ክተተው፣ አውጣ፣ ላዩን በጨርቅ ጥረግ፣ እንደገና መዝን። 200 ግራም የነበረው 212 ከሆነ 6 በመቶ ጠጥቷል። ሌላ ቁራጭ ጠርዙን ሳታሽግ ጎን ለጎን ዝፈዝፍ፣ ልዩነቱን ራስህ ታየዋለህ። ከዛ አድርቀው፣ ደግመህ ዝፈዝፈው፣ አምስት ስድስት ጊዜ ካዞርከው በኋላ በእጅህ እጠፈው። ጠጥቶ ግን ካልተላቀቀ ለበር ይሆናል፣ ሲታጠፍ እንደ ወረቀት ንብርብሩ ከተለያየ ብዙ ጊዜ ቃጫው ሳይደርቅ ነው ሬዚን ያፈሰስክበት፣ እርጥብ ቃጫ ሬዚኑን በደንብ እንዳይደርቅ ያደርገዋል፣ አረፋም ይሞላበታል። በክረምት ፀሐይ አትጠብቅ፣ ምድጃ አጠገብ ሰቅለህ አሳድረው፣ ሬዚኑንም ጠዋት ቃጫው ገና ሙቅ እያለ አፍስስ።

መብራት ሊጠፋ ነው መሰለኝ ብልጭ ብልጭ እያለ ነው፣ የቀሩትን ነገ።