ሜጀር ሲያስለቅስ

ጥያቄ፦ ኪቦርድ መማር ከጀመርኩ ስምንት ወሬ ነው። አስተማሪዬ «ሜጀር ኮርድ ደስታ ነው፣ ማይነር ሐዘን ነው» ይለኛል። ቤት ትዝታን በሜጀር ስጫወት ግን እናቴ እንባዋ ይመጣል። የተሳሳተው ማነው?
ኪቦርድ ተማሪዋ፣ ከአዳማ

መልስ፦ እናትሽ ልክ ናቸው። አስተማሪሽም አልዋሸሽም፤ እኔም ጀማሪዎችን እንደዚያ ብዬ ነው የማስጀምረው። ኮርድ ማለት አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች ነው። ዶ፣ ሚ፣ ሶልን አንድ ላይ ተጫኚ፤ ሜጀር ነው። አሁን ሚን ለቀሽ ከግራዋ ያለችውን ጥቁር ቁልፍ ያዢ። ወዲያው ይከፋዋል፤ ማይነር ሆነ። ልዩነቱ ግማሽ ድምፅ ብቻ ነው።

ትዝታ ግን ከኮርድ አልተወለደም። በክራርና በማሲንቆ ያደገ ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ነው። ሜጀሩ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ፋና ሲ የሉበትም። ከአምስቱ የሚወጡት ሜጀር ወይም ማይነር ኮርዶች ዶ ሜጀርና ላ ማይነር (ላ፣ ዶ፣ ሚ) ብቻ ናቸው፤ እነሱም ዶንና ሚን ይጋራሉ። «ሜጀር» የምትይው ጎኑ ላይ ማይነር ተኝቷል ማለት ነው። ሲ ስለሌለች ደግሞ ወደ ዶ ገፍቶ ቤት የሚያስገባው የለም። ዜማው ደጅ ደጁን ይዞራል። ለእኔ ናፍቆቱ እዚያ ነው። ግጥሙና ዝግታው ይጨመርበት እንጂ፤ ያንኑ አምስት ድምፅ በከበሮ ብታፈጥኚው እስክስታ ይወርድበታል።

ወጣት ሳለሁ አንድ አዛውንት ማሲንቆ ተጫዋች አጅቤ ነበር። ትዝታው መሀል፣ የተማርኩትን ላሳይ ብዬ ሶል ሰቨን የሚባለውን ኮርድ ጣል አደረግሁ። ደጋናቸውን አቆሙና «አንተ ልጅ፣ እነዚህን እንግዶች ማን ጠራቸው?» አሉኝ። ቤት ሄጄ ሳየው ኮርዱ ውስጥ ሲም ፋም አሉ። እሳቸው ኖታ አያውቁም፤ ጆሯቸው ግን ሁለቱንም ለይቷል።

አንቺሆዬ የሚባለው ቅኝትማ ጭራሽ የባሰ ነው። ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ። (ፍላት ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው።) ሶል ፍላት፣ ላ፣ ዶን ብትጫኚ ዲሚኒሽድ የሚባለው ኮርድ ይወጣል፤ የፈረንጅ ፊልም ሌባ ሲያስገባ የሚመታው ማለት ነው። እኛ ፍቅር እንዘፍንበታለን።

ዛሬ ማታ ጥቁሮቹን ቁልፎች ብቻ ተጫወቺ። ከሶል ፍላት ከተነሳሽ ራሳቸው ትዝታ ሜጀር ናቸው። በግራ እጅሽ ሶል ፍላትና ሬ ፍላትን ብቻ ያዢ፣ ሜጀር ወይም ማይነር የምታደርገውን የመሀሏን ተዪያት። ከዚያ እናትሽን ጥሪያቸው።