መልስ፦ ለአውስትራሊያው የባለሙያ ቪዛ ስንት እናስቀምጥ?

እህቴ፣ ባለቤትሽ ሲቪል መሐንዲስ፣ ልጆቻችሁ ሁለት፣ ከጎንደር ሆናችሁ በ189 ቪዛ (ቀጣሪ ሳያስፈልግ በሙያ ብቻ በሚጠየቀው የአውስትራሊያ ቋሚ ቪዛ) ለማመልከት ስንት እንደሚበቃችሁ ነው የጠየቅሽው። መጀመሪያ ነገር በብር አታስቢው። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ በብር የተሠራ በጀት ቶሎ ያረጃል። በአውስትራሊያ ዶላር ጻፊና በየወሩ መንዝሪው።

ትልቁ ወጪ የቪዛው ክፍያ ነው። ከጁላይ 2025 ጀምሮ በወጣው ተመን ዋናው አመልካች ባለቤትሽ 4,910፣ አንቺ 2,455፣ ከ18 ዓመት በታች ያለ እያንዳንዱ ልጅ 1,230 ይከፍላል። ድምሩ 9,825 ዶላር። ደግነቱ የአውስትራሊያ መንግሥት «አመልክቱ» ብሎ የሚልከው ግብዣ ሳይመጣ አይከፈልም። ግብዣውን ለማግኘት ቀድሞ የሚሞላው የፍላጎት መግለጫም በነፃ ነው። ግን ተመኑ አብዛኛውን ጊዜ በጁላይ 1፣ በእኛ ሰኔ 24፣ ከፍ ስለሚል ትርፍ ያዢ።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው የትዳር ጓደኛን እንግሊዝኛ ነው። ማስረጃ ካላቀረብሽ ተጨማሪ 4,890 ዶላር ትጠየቂያለሽ! እዚሁ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ተመርቀሽ ከሆነ፣ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ እንደነበር የሚገልጽ ደብዳቤ ከሬጅስትራር አውጪ። ከዚህ በላይ የሚያተርፍ ወረቀት የለም።

ቀድመው የሚወጡት የአይልትስ የእንግሊዝኛ ፈተናና የኢንጂነርስ አውስትራሊያ (የመሐንዲሶችን ሙያ የሚመዝነው የአውስትራሊያ ተቋም) የሙያ ግምገማ ናቸው። ግብዣ ባይመጣም ገንዘቡ አይመለስም፤ በብድር ባታደርጉት ይሻላል። የትርጉምና የፖሊስ ማስረጃው ያን ያህል አይከብድም። የጤና ምርመራው ግን በተፈቀደላቸው ሐኪሞች ዘንድ ብቻ ስለሆነ አራታችሁም አዲስ አበባ መውረዳችሁ አይቀርም። ትኬቱንም ማደሪያውንም ደምሪ። ዘመድ ቤት ካላችሁማ ተገላገላችሁ።