ጥያቄ ከአንባቢ፦ ቲቸሩ ሲን አድርጎ ዝም አለኝ

ሰሞኑን ከመጡልን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ኦንላይን ርቀት ትምህርት ናቸው፣ ተማሪውም አስተማሪውም የሚያማርረው ደሞ አንድ ነገር ነው፣ የሚመልስልኝ አጣሁ ነው። ስለዚህ የዛሬውን አምድ ለሱ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ድርጅት ውስጥ ካሸር ነኝ፣ ማታ ማታ አካውንቲንግ በኦንላይን እማራለሁ፣ ሁለተኛ ዓመት ነኝ። ቲቸሩን ቴሌግራም ላይ መጀመሪያ «ሰላም ቲቸር» አልኩት፣ ዝም ሲል ከሁለት ቀን በኋላ «ዲፕሪሲዬሽን አልገባኝም» (የዕቃ ዋጋ በየዓመቱ እየቀነሰ የሚታሰብበት ሂሳብ ነው) ብዬ ጻፍኩለት፣ ሁለቱንም ሲን አድርጎ ዝም። ደግሜ እንዳልጽፍ ነዝናዛ ይለኛል ብዬ ፈራሁ፣ ዝም እንዳልል ፋይናል ደረሰ። እየከፈልኩ መጠየቅ መብቴ አይደለም ወይ?

መልስ፦ መብትሽ ነው እህቴ፣ እሱ ላይ ምንም ክርክር የለም። ፒዲኤፉንማ ጓደኛም ይሰጥሻል፣ አንቺ የከፈልሽው ሳይገባሽ ሲቀር የሚያስረዳሽ ሰው እንዲኖር ነው። ግን መብት መሆኑ ብቻውን መልስ አያመጣም፣ ስለዚህ መልስ ወደሚያመጣው እንሂድ።

እስቲ በሱ ቦታ ሆነሽ እዪው፣ ከሥራ ወጥቶ ታክሲ ተሰልፎ ስልኩን ሲከፍት «ዲፕሪሲዬሽን አልገባኝም» የሚል ያያል፣ ይሄን ለመመለስ አንድ ምዕራፍ እንደ አዲስ ማስተማር ሊኖርበት ነው፣ «ቤት ገብቼ እመልስላታለሁ» ይላል፣ ቤት እስኪገባ ከላዩ ላይ ሌላ መልእክት ተከምሮበት ያንቺው ወደ ታች ወርዶ ጠፋ። ንቆሽ ላይሆን ይችላል ማለት ነው። ፊት ለፊት ብትሆኑ ኖሮ ፊትሽን አይቶ እንዳልገባሽ ያውቅ ነበር፣ ኦንላይን ላይ ግን ከጻፍሽው ውጪ ምንም የሚያየው ነገር የለውም።

ሰላምታችን ረጅም ነው፣ ቤተሰብ ከብት ሳይቀር ተጠያይቀን ነው ወደ ጉዳይ የምንገባው፣ እኔ ይሄን ባህል እወደዋለሁ። ቴሌግራም ላይ ግን ሰላም ብሎ ሰላምታው እስኪመለስ መጠበቅ ጊዜ ይበላል። «ጤና ይስጥልኝ መምህር» በይና እዛው መልእክት ላይ ቀጥይ፣ ስምሽን፣ የኮርሱን ስም፣ ሴክሽንሽን፣ የሞጁሉን ገጽ ጻፊ፣ ከዛ እስከ የት እንደገባሽና የት ላይ እንደቆምሽ።

ለምሳሌ እንዲህ፦ «የማሽኑ ዋጋ 120,000 ብር፣ ሳልቬጅ ቫልዩው (ዕድሜው ሲያልቅ የሚቀረው ዋጋ) 20,000፣ ዕድሜው 5 ዓመት ነው። በስትሬት ላይን (በየዓመቱ እኩል በሚቀነስበት) ሳልቬጁን ቀንሼ ለ5 ሳካፍለው በዓመት 20,000 መጣልኝ፣ ይሄ ገብቶኛል። በደብል ዲክላይኒንግ (ከቀሪው ዋጋ ላይ በእጥፍ ፐርሰንት በሚቀነስበት) ግን የመጀመሪያው ዓመት 120,000 በ40 ፐርሰንት ተባዝቶ 48,000 ነው የሚለው። እዚህ ጋ ሳልቬጁ ለምን አልተቀነሰም?» ይሄን ያነበበ መምህር እዛው ሰልፍ ላይ እንደቆመ «በዚህ ሜተድ ከመጀመሪያው አይቀነስም፣ ቡክ ቫልዩው (መዝገብ ላይ የቀረው ዋጋ) 20,000 ላይ ሲደርስ ግን መቀነሱን ታቆሚያለሽ» ብሎ በአንድ መስመር ይመልስሻል። ምናልባት ያልገባሽ እሱ ከነበረ እነሆ መልሱንም አገኘሽው። ደሞ እመኚኝ ጥያቄውን እንዲህ ዘርዝረሽ ስትጽፊ ግማሹ ራሱ እየተፈታልሽ ነው የሚሄደው።

የሠራሽበትን ወረቀት ፎቶ አንስተሽ አያይዢው፣ ብርሃን ላይ፣ ጥላሽ ሳያርፍበት። ቮይስ ግን እሱ ራሱ በቮይስ ጠይቁኝ ካላለ አትላኪ፣ ስብሰባ ላይ ያለ ሰው ማንበብ ይችላል፣ መስማት አይችልም።

ሁለት ሦስት የሥራ ቀን ጠብቂ። ካልመለሰ የራስሽኑ መልእክት ሪፕላይ አድርገሽ «መምህር ምናልባት አልፎዎት ከሆነ ብዬ ነው» በዪ፣ ይሄ መነዝነዝ አይደለም፣ እሱም ላይ ነቀፋ የለውም። አሁንም ዝም ካለ ጥያቄውን በኮሌጁ በራሱ ሲስተም ወይም በኢሜይል ላኪው፣ እዛ ላይ የተጻፈ ከነቀኑ ይቀመጣል፣ ከዛ ለዲፓርትመንቱ ወይም ለርቀት ትምህርት አስተባባሪው። ይሉኝታ ይዞሽ ፋይናል ላይ ከምትወድቂ አስተባባሪውን መጠየቅ ይሻልሻል፣ ማንንም መክሰስ አይደለም። እንደውም እኔ ዋናውን ጥፋት የማየው ኮሌጁ ላይ ነው፣ ክፍያ ተቀብሎ ቱቶሩ መቼ መቼ እንደሚገኝ የማያሳውቅ ተቋም ሁለቱንም ነው የሚያጣላቸው።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ማይክል ሙር የሚባል የርቀት ትምህርት ምሁር በ1989 በፈረንጆቹ አንድ ተማሪ ሦስት ግንኙነት ያስፈልገዋል ብሎ ጽፏል፣ ከትምህርቱ ጋር፣ ከአስተማሪው ጋር፣ ከሌሎች ተማሪዎች ጋር። ሦስተኛውን ብዙዎቻችን እንረሳዋለን። ከሴክሽንሽ መሀል ከተማ የሚሠሩ ሁለት ሦስት ልጆች ፈልጊና ቅዳሜ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ተገናኙ፣ ካልሆነም ወመዘክር፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ላንቺ ቅርብ ነው። ያልገባሽን የገባው ልጅ እዛ ይኖራል፣ ሁላችሁም ካልገባችሁ ደሞ በጋራ አንድ ጥያቄ ጽፋችሁ ላኩ፣ የሦስት አራት ሰው ጥያቄ በቀላሉ አይታለፍም።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ አስተማሪ ነኝ፣ አራት ኪሎ አካባቢ። ማታ በዙም ላይቭ ክላስ እሰጣለሁ፣ ካሜራ የሚከፍት አንድም የለም፣ «ገባችሁ?» ስል ፀጥ ይላሉ። ክላሱ ሲያልቅ ግን እስከ እኩለ ሌሊት ያንኑ ጥያቄ እየደጋገሙ በኢንቦክስ ያጎርፉታል። ለቤተሰቤ ጊዜ አጣሁ። ስልኬን ልዝጋው?

መልስ፦ መምህር፣ ድካምዎ ይገባናል፣ ግን ስልክዎን አይዝጉት።

ካሜራውን ይተዉላቸው። ዙም ራሱ በሚያወጣው መረጃ ድምፅ ብቻ ከሆነ በሰከንድ እስከ 80 ኪሎቢት ነው የሚፈልገው፣ በሰዓት ሲባዛ 36 ሜጋባይት ገደማ ይመጣል። ጥራት ያለው ቪዲዮ ሲሆን 600 ኪሎቢት ይገባል፣ ያ በሰዓት 270 ሜጋባይት ነው። በፓኬጅ የሚማር ልጅ ይሄን ያሰላዋል። ከዛ ውጪ ደሞ ስንቱ ነው አንድ ክፍል ቤት ውስጥ እናቱ ምሳ ዕቃ እያጠበች፣ ታናሹ ቲቪ ከፍቶ፣ ጥግ ይዞ የሚማረው፣ ቤቱን ለክላስ ማሳየት የማይፈልግ ተማሪ ትምህርት የናቀ ተደርጎ መታየት የለበትም።

«ገባችሁ?» የሚለው ግን በደንብ ያነጋግራል። ይሄ ጥያቄ በአካል ክላስም ሠርቶ አያውቅም፣ ሁላችንም ሳይገባን «አዎ» ብለን ነው ያደግነው። ሜሪ ባድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ክፍል ውስጥ እየተቀመጠች ስትለካ አስተማሪዎች ጠይቀው የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ገደማ ሆኖ አገኘችው፣ ወደ 3 ሰከንድ ሲያስረዝሙት ደሞ የሚመልሰው ተማሪ በዛ፣ መልሱም ረዘመ። ያ እንግዲህ ፊት ለፊት ነው። እርስዎ ጋ ኔትወርኩ ይዘገያል፣ ማይክ መክፈት አለ፣ በስልክ ኪቦርድ አማርኛ መጻፍ አለ፣ ስለዚህ ፀጥታው ቢያስጨንቅዎትም ግማሽ ደቂቃ ይታገሱ። ጥያቄውንም «ገባችሁ?» ሳይሆን እጅ የሚያሠራ ያድርጉት፣ «የዚህን መልስ ቁጥሩን ብቻ ቻት ላይ ጻፉ» ይበሉ። ከሃያ ልጅ አሥራ ሁለቱ የተሳሳተ ቁጥር ከጻፉ ያልገባቸው የቱ ጋ እንደሆነ እዛው አወቁት፣ ሌሊት በኢንቦክስ ሊመጣ የነበረው ጥያቄ እዛው አለቀ።

የኢንቦክሱን ነገር በተመለከተ፣ ተማሪው ሌሊት የሚጽፈው መቼ እንደሚመልሱለት ስለማያውቅ ነው፣ አሁን ካልጻፍኩ ያልፈኛል ይላል። ግሩፑ ላይ አንድ መልእክት ፒን ያድርጉ፣ «ጥያቄ በማንኛውም ሰዓት ጻፉ፣ እኔ የምመልሰው ሰኞና ሐሙስ ከምሽቱ 1 እስከ 2 ሰዓት ነው» የሚል። ከዛ በሰዓቱ ይገኙ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንዴም እንዳይቀሩ፣ አንዴ ከቀሩ ልጆቹ ወደ ሌሊቱ ይመለሳሉ። ሦስት ልጅ አንድ ዓይነት ነገር ከጠየቀ መልሱን የጠያቂውን ስም ሳይጠሩ ግሩፑ ላይ በአጭር ቮይስ ይልቀቁት፣ አጭር ቮይስ ብዙ ዳታም አይበላም። ኢንቦክሱ የግል ጉዳይ ላለበት ልጅ ብቻ ይቅር፣ የታመመ፣ ሐዘን ያለበት፣ ክፍያ የከበደው ይኖራል።

ሌላ፣ ሁሉን ነገር ቴሌግራም ላይ አይጣሉት። በ2015 ከየካቲት እስከ ሐምሌ ቴሌግራም ተገድቦ የቆየበትን ጊዜ ያስታውሱታል፣ ቪፒኤን የሌለው ተማሪ ከክላሱ ጋር ተቆራርጦ ነበር። የተማሪዎችዎን ስልክ ቁጥር ይያዙ፣ አስፈላጊ ቀን ሲኖር በኤስኤምኤስ ጭምር ይላኩ።

ለርስዎ ሳይሆን በአጠቃላይ ለሙያው የምለው ነገር አለኝ፣ መጋቢት 2012 ላይ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሁሉም ተጣድፎ ቴሌግራም ገባ፣ ያኔ ሌላ አማራጭም አልነበረም፣ ግን የዛን ጊዜ ልማድ አሁንም አለ፣ ፒዲኤፍ ለጥፎ «አንብቡ» ብሎ መውጣት። ይሄ ማስተማር አይደለም፣ ልጆቹም ያውቁታል።

ጥያቄ፦ ኩዊዙ «2:00 ፒኤም» ይዘጋል ይላል፣ እኔ ከምሽቱ 2 ሰዓት መስሎኝ ከሥራ ወጥቼ ስገባ ተዘግቷል። ቲቸሩ ዜሮ ሊሰጠኝ ነው። ምን ብዬ ልጻፍለት? (ከስታዲየም)

መልስ፦ ያንተ ብቻ አይደለም፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይወድቃል። ሲስተሙ የሚያሳየው የፈረንጅ ሰዓት ነው፣ 2:00 ፒኤም ማለት ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ብዙ አሳይመንት ላይ የሚወጣው 11:59 ፒኤም ደሞ ከምሽቱ 5:59 ነው። ቀኑም እንደዛው፣ ሜይ 15 ካለ ግንቦት 7 ነው እንጂ ግንቦት 15 አይደለም።

ዛሬውኑ ጻፍለት፣ ነገ አትበል። የተዘጋበትን ስክሪንሾት አያይዝና ሰዓቱን በኛ አቆጣጠር አንብቤው ነው፣ የሚቻል ከሆነ ይከፈትልኝ በል፣ ሌላ ምክንያት አትደርድር። ኮሌጃችሁ ሙድል የሚባለውን የኦንላይን ትምህርት ሲስተም የሚጠቀም ከሆነ ለአንድ ተማሪ ብቻ ጊዜ ማራዘም የሚቻልበት መንገድ አለ፣ ስለዚህ የማይሆን ነገር እየጠየቅክ አይደለም። አስተማሪዎችም እባካችሁ ሁለቱንም ሰዓት ጻፉልን፣ «2:00 ፒኤም፣ ከቀኑ 8 ሰዓት» ለመጻፍ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ጥያቄ፦ የስድስተኛ ክፍል ልጅ አለኝ። መምህሯ የሁሉንም ልጅ ውጤት ስም በስም ወላጆች ግሩፕ ላይ ለጠፈችው። ልጄ ዝቅተኛ ነው ያመጣው፣ ጓደኞቹ አይተው ሳቁበት፣ ክላስ አልገባም አለኝ። እዛው ግሩፕ ላይ ልናገራት ወይ? (ከፒያሳ)

መልስ፦ ግሩፑ ላይ አይናገሯት፣ ልጅዎን ዳግም መነጋገሪያ ያደርገዋል፣ እሷም ሰው ፊት ስለሆነ መከላከል ውስጥ ትገባለች። በግል ይደውሉላት፣ ልጁ ክላስ አልገባም ማለቱን ልክ እንደነገሩን ይንገሯትና ዝርዝሩን ከግሩፑ እንድታጠፋው ይጠይቋት፣ ቴሌግራም ላይ የራሷን ፖስት ለሁሉም ማጥፋት ትችላለች። ከአሁን በኋላም ለየወላጁ ለብቻ ትላክ። የልጅ ውጤት የልጁና የወላጁ ነው፣ እዚህ ላይ መለሳለስ አያስፈልግም፣ እምቢ ካለች ዳይሬክተሩ ጋ በአካል ይሂዱ።

ልጅዎን ደሞ ስለ ውጤቱ ከመጠየቅዎ በፊት የትኛው ትምህርት ላይ መጠየቅ እንደሚፈራ ይጠይቁት። የስድስተኛ ክፍል ልጅ ለቲቸር ብቻውን መጻፍ ይከብደዋል፣ መጀመሪያ ላይ አብራችሁት ተቀምጣችሁ ጥያቄውን እሱ ይበል እርስዎ ይጻፉለት፣ ከለመደው በኋላ ስልኩን ይስጡት።