ሀሁን በቃሉ የሚወርድ፣ ቃል ማንበብ ግን ያቃተው ልጅ

«ከቅዳሴ በኋላ የምናስጠናቸው ልጆች ፊደሉን ሳይሳሳቱ ይወርዱታል፤ "ሎሚ" ብለን ብንጽፍ ግን አያነቡትም» ላልሽው፣ ገበታውን ለጊዜው አንሡት። ልጆቹ የያዙት ዜማውን እንጂ የፊደሉን መልክ አይደለም። የኔታዎች ከሀሁ ቀጥለው አቡጊዳ የሚያስቆጥሩት ለዚሁ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ሲለወጥ ልጁ ፊደሉን ማየት ግድ ይሆንበታል።

1. በ፣ ለ፣ መ እና ተን ከነሰባት ቅርጻቸው፣ 28ቱን፣ በቁራጭ ካርቶን ላይ ለየብቻ ጻፉና አደባልቁ።
2. ልጁ በእጁ እያነሣ ቃል ይሥራ፦ ቤት፣ ልብ፣ ሎሚ፣ ሙሉ። የሠራውን ያንብብ፤ ከዚያ ይጻፈው።
3. እነዚህን ሳያመነታ ሲያነብ ብቻ ሌላ ፊደል ጨምሩ።

አደራ፣ የሚቸገረውን ልጅ በጓደኞቹ ፊት አስነሥታችሁ አታስነብቡት። እኔ አንድ ጊዜ አድርጌው ልጁ በሚቀጥለው እሑድ ቀረ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ጎኑ ተቀምጣችሁ፣ በለሆሳስ አንብቡለት።