ከእንጦጦ ጀርባ የቀረቡ ጥያቄዎች፦ ስለ ኒውትሮን ኮከቦችና ፐልሳሮች

ሱሉልታ ላይ በተሰበሰብንበት ምሽት የቀረቡልኝን ጥያቄዎችና የሰጠኋቸውን መልሶች፣ መምጣት ላልቻሉ የሥነ ፈለክ ወዳጆች ጽፌአቸዋለሁ። ዓመታቱ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (ከአንድ ጡረተኛ መምህር)፦ ኒውትሮን ኮከብ ምን ያህል ይሰፋል?

መልስ፦ ጋሼ፣ አንድ ግዙፍ ኮከብ ነዳጁን ሲጨርስ እምብርቱ በራሱ ክብደት ይወድቃል፤ የውጭው አካሉ በሱፐርኖቫ ፍንዳታ ይበተንና የታመቀው እምብርት ይቀራል። ይህ ቅሪት አብዛኛውን ጊዜ የፀሐይን 1.4 እጥፍ ያህል መጠነ ቁስ ይዞ፣ ከዳር እስከ ዳር 24 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ከፒያሳ ተነሥተው እንጦጦን ተሻግረው እዚህ የመጡበትን መንገድ ያስቡ። ከእርሱ አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር በአማካይ 400 ሚሊዮን ቶን ያህል ይመዝናል።

ጥያቄ (ከአንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ)፦ ፐልሳር ብልጭ ድርግም የሚለው ለምንድን ነው? ያገኘችውስ ሴት ናት ይባላል።

መልስ፦ ፐልሳር የሚሽከረከር ኒውትሮን ኮከብ ነው፤ ብርሃኑ አይጠፋም። ከመግነጢሳዊ ዋልታዎቹ የሚወጣው የራዲዮ ጨረር ከመሽከርከሪያ ዘንጉ ስለሚያዘነብል፣ በየዙሩ እኛን ጠርጎ ያልፋል፤ ምት የምንለውም ይህን ነው። ያገኘችውም በ1967 በካምብሪጅ የዶክትሬት ተማሪ የነበረችው ጆስሊን ቤል ናት፤ በየ1.337 ሰከንዱ የሚደገመውን ምልክት ከመመዝገቢያ ወረቀቱ ላይ የለየችው እርሷ ነበረች። በ1974 የኖቤል ሽልማት ለአማካሪዋ ለአንቶኒ ሂዊሽና ለማርቲን ራይል ሲሰጥ እርሷ መዘለሏ፣ በእኔ እምነት፣ ፍትሕ የጎደለው ነበር። በ2018 የተሸለመችውን 3 ሚሊዮን ዶላር ግን ዕድል ላላገኙ የፊዚክስ ተማሪዎች አውላዋለች።

ጥያቄ (ከአንድ የሬዲዮ ጠጋኝ)፦ ምቱን በመቁጠር ምን ይገኛል?

መልስ፦ የዚህ ጥናት ልብ እርሱ ነው፤ ስለዚህ ታገሡኝ። ምልክቱ ወደ እኛ ሲመጣ በኅዋ ያሉ ነጻ ኤሌክትሮኖች ዝቅተኛውን ፍሪኩዌንሲ ከከፍተኛው ይበልጥ ያዘገዩታል፤ ከመዘግየቱ መጠን ርቀቱ ይገመታል። ምድር በፀሐይ ዙሪያ ስለምትዞርም ምቱ እስከ 8 ደቂቃ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ሊደርስ ይችላል፤ ተመራማሪው ይህን ሁሉ አስተካክሎ፣ አንድም ዙር ሳይስት ለዓመታት ይቆጥራል። ራስል ኸልስና ጆሴፍ ቴይለር በ1974 በፖርቶ ሪኮ በነበረው የአሬሲቦ የራዲዮ ቴሌስኮፕ ያገኙት ፐልሳር ሌላ ኒውትሮን ኮከብን በየ7.75 ሰዓቱ ይዞራል፤ ምቱ ሲለካ የምሕዋሩ ጊዜ በዓመት 76 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ እንደሚያጥር ታወቀ። ይህም አንስታይን እንደተነበየው ኃይል በስበት ሞገድ (በራሱ በኅዋ ውስጥ በሚሰራጭ መናወጥ) እየወጣ መሆኑን ስለሚያሳይ፣ በ1993 የኖቤል ሽልማት አስገኘላቸው። እንዲህ ተቃርበው የሚዞሩ ጥንዶች በመጨረሻ ይጋጫሉ፤ ኦገስት 17 ቀን 2017 የዚህ ዓይነቱ ግጭት የስበት ሞገድ ከተሰማ በኋላ 1.7 ሰከንድ ቆይቶ የጋማ ጨረር ደረሰ።

ጥያቄ፦ የኒውትሮን ኮከቦች ውስጣቸው ምንድን ነው?

መልስ፦ ገና ያልተፈታ ነው። ነገር ግን ከፀሐይ ሁለት እጥፍ ያህል የሚከብዱ መገኘታቸው፣ ይህን ክብደት መሸከም የማይችሉትን መላ ምቶች ውድቅ አድርጓል።

ጥያቄ (ከዚያችው ተማሪ)፦ እንጦጦ ላይ ባሉት ቴሌስኮፖች ፐልሳር ሊታይ ይችላል?

መልስ፦ አብዛኞቹ የሚጠኑት በራዲዮ ነው። በሸርጣን ኔቡላ (የፈነዳ ኮከብ ትቶት የሄደ ደመና) ውስጥ ያለውና በሰከንድ 30 ጊዜ የሚዞረው ፐልሳር ግን በሚታይ ብርሃንም ይመታል፤ ይህም በ1969 በአሪዞና የተደረሰበት መስተዋቱ 36 ኢንች፣ ማለትም 91 ሴንቲ ሜትር በሆነ ቴሌስኮፕ ነበር። የእንጦጦዎቹ ባለ 1 ሜትር ናቸው፤ እጅግ ፈጣን ካሜራ ቢገጠምላቸው ምቱን መመዝገብ ከዐቅማቸው በላይ አይሆንም። ኔቡላውን በትንሽ ቴሌስኮፕ ለማየት ከፈለግሽ ደግሞ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ሲጠራ፣ በታውረስ ኅብረ ኮከብ ውስጥ እንደ ደብዛዛ ጭጋግ ታገኚዋለሽ።