የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በእናቴ ቴሌግራም ገንዘብ የጠየቀው ማን ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እናቴ ቴሌግራምን የምትጠቀመው ከልጆቿና ከዕቁብ ጓደኞቿ ጋር ለመገናኘት ነው። ትናንት ከአንዲት የዕቁብ ጓደኛዋ አካውንት «የልጅ ልጄ የሥዕል ውድድር ላይ ቀርባለችና እባክሽ ድምፅ ስጪልኝ» የሚል መልእክት ከሊንክ ጋር ደረሳት። ሊንኩን ከፍታ ስልክ ቁጥሯን አስገባች፤ ወዲያው የመጣላትንም ባለ አምስት አሃዝ ኮድ እዚያው ጻፈች። አንድ ሰዓት ሳይሞላ በእሷ ስም ለዕቁብተኛው ሁሉ «ድንገት ቸግሮኝ ነው፤ እስከ ነገ 8,000 ብር በዚህ ቁጥር በቴሌብር ላኩልኝ» የሚል መልእክት ተሠራጨ፤ ሁለት ሴቶችም ላኩ። ነገ የዕቁብ ቀን ነው፤ እናቴ ግን «በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ» ብላ አልሄድም ብላለች። እንዴት እንደ ተጠለፈች፣ ምን ማድረግ እንዳለብንና ቴሌግራምን ጨርሳ ብትተወው ይሻላት እንደ ሆነ ቢያስረዱን።

ከአዲስ አበባ

መልስ፦ በቅድሚያ እናትዎ ዕቁባቸው ላይ እንዲገኙ ያበረታቷቸው፤ የሆነውን በአካል ቀርበው መንገራቸው ሌሎቹን ሴቶች ከተመሳሳይ ጉዳት ያድናል። መልእክቱ የደረሳቸው ለዓመታት አብረው ዕቁብ ከሚጥሉ ወዳጃቸው አካውንት በመሆኑ አምነው መክፈታቸው የሚያስወቅሳቸው አይደለም፤ ወዳጃቸውም ከእሳቸው ቀድመው በዚሁ ዘዴ ሳይጠለፉ አልቀሩም።

የሥዕል ውድድር የሚባል ነገር አልነበረም። እናትዎ ስልክ ቁጥራቸውን ባስገቡበት ቅጽበት ሌባው በራሱ መሣሪያ ላይ ቴሌግራምን ከፍቶ ያንኑ ቁጥር አስገባ። ቴሌግራም ደግሞ የቁጥሩ ባለቤት በሌላ ስልክ ሊገቡ ነው በሚል የመግቢያ ኮድ ለእናትዎ ላከ፤ እሳቸው የድምፅ መስጫ መስሏቸው የጻፉት ይህንኑ ኮድ ነው። ሌባው ኮዱን በቻት እንዲልኩለት ከመጠየቅ ይልቅ ሐሰተኛ ገጽ ማዘጋጀቱም ያለ ምክንያት አይደለም፤ የመግቢያ ኮድ በቴሌግራም በራሱ ለሌላ ሰው ሲላክ እንዳይሠራ ይደረጋልና። ኮዱ የመጣበትን መልእክት መልሰው ቢከፍቱት ከቴሌግራም ነኝ ለሚል ሰው እንኳ እንዳይሰጥ የሚያስጠነቅቅ ዓረፍተ ነገር ያገኛሉ። በእናትዎ ስልክ ላይ የመጣው በእንግሊዝኛ ከሆነ ግን ሊያነቡት የቻሉት ቁጥሮቹን ብቻ ነው። ስለዚህ ይህን መልእክት ከፍቶ፣ በጣት እያሳዩ፣ በአማርኛ ማስረዳት የእኛ የልጆች ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ።

ደብዳቤዎ እንደ ደረሰኝ አስቸኳዩን ነገር በስልክ ነግሬዎት ነበር፤ ለሌሎች አንባቢያን ስል ግን እደግመዋለሁ። በቴሌግራም አሠራር አዲስ የገባ መሣሪያ ቀድመው የነበሩትን ለማስወጣት 24 ሰዓት መቆየት አለበት፤ የቆየው የባለቤቱ ስልክ ግን አዲሱን ወዲያውኑ ማስወጣት ይችላል። በዚህ ምክንያት የመጀመሪያው ቀን ለባለቤቱ ያደላል፤ እርሱ ካለፈ በኋላ ሌባው እናትዎን ከገዛ አካውንታቸው ሊያባርራቸው ይችላል። በስልካቸው ሴቲንግስ ውስጥ «ዲቫይስስ» የሚለውን ሲከፍቱ አካውንቱ የተከፈተባቸው መሣሪያዎች ተዘርዝረው ይታያሉ፤ «ተርሚኔት ኦል አዘር ሴሽንስ» የሚለውን ሲነኩ በእጅዎ ካለው ስልክ በቀር ሁሉም ይወጣል።

ከዚያ ሳይነሡ «ቱ-ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» የተባለውን ያብሩ። ይህ ከኮዱ በተጨማሪ ባለቤቱ ብቻ የሚያውቀውን የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ሲሆን ቴሌግራም ውስጥ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ትናንት በርቶ ቢሆን ኖሮ አምስቱ አሃዞች ብቻቸውን ለሌባው ምንም አይፈይዱለትም ነበር። የይለፍ ቃሉ ከቴሌብር ወይም ከባንክ ሚስጥር ቁጥር የተለየ ይሁን፤ ቢረሳ መመለሻ እንዲሆንም ኢሜይል ያስመዝግቡ። እናትዎ የይለፍ ቃሉን በደብተር ጽፈው ከቤት ካርታና ከልደት ካርዶች ጋር ቢያስቀምጡት እኔ አልቃወምም። የይለፍ ቃል በወረቀት አይጻፍ የሚለው ምክር የሥራ ባልደረባ ሁሉ በሚያልፍበት ቢሮ ተገቢ ነው፤ ሊንክ የሚልክ ሌባ ግን የእናትዎን ቁም ሣጥን ሊከፍት አይችልም።

ከገንዘቡ በላይ እኔን ያሳሰበኝ በደብዳቤዎ ያልጠቀሱት ጉዳይ ነው። የቴሌግራም መደበኛ ውይይቶች የሚቀመጡት በድርጅቱ ሰርቨር ላይ በመሆኑ በአዲስ መሣሪያ የገባ ሰው የዓመታት መልእክትና ፎቶ ሁሉ ይከፈትለታል። «ሴክሬት ቻት» የተባለው ብቻ ከተጀመረበት ስልክ አይወጣም። ብዙ ቤተሰብ ደግሞ የፋይዳ ቁጥሩን፣ የፓስፖርቱን ፎቶና የባንክ ደብተሩን «ሴቭድ ሜሴጅስ» ውስጥ እንደ ሣጥን ያኖራል። እናትዎ እዚያ ያስቀመጡትን አብረው ይመልከቱ፤ ሚስጥር ቁጥር ተገኝቶ ከሆነ ዛሬውኑ ይቀየር።

ገንዘብ የላኩት ሁለቱ ሴቶች የክፍያውን ማረጋገጫ መልእክትና የተቀባዩን ቁጥር ሳያጠፉ፣ የተላከላቸውንም ጽሑፍ ስክሪንሾት አንሥተው ለቴሌብር አገልግሎት መስጫና ለፖሊስ ፈጥነው ያመልክቱ። ድርጊቱ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ነው። ገንዘቡ ይመለሳል ብዬ ቃል ልገባልዎ አልችልም፤ በሰዓታት ውስጥ ያመለከተ ሰው ግን ሳምንት ከቆየው የተሻለ ዕድል አለው።

ቴሌግራምን ይተዉት ወይ ላሉት፦ አይተዉት። ልጆቻቸውንና ዕቁባቸውን የሚያገኙበት ነውና ይህን ማጣት ሁለተኛ ጉዳት ይሆንባቸዋል። ከዕቁብተኛው ጋር ግን አንድ ስምምነት ያድርጉ፤ በጽሑፍ ብድር የጠየቀ ማንም ቢሆን ተደውሎለት ድምፁ ሳይሰማ ብር አይላክለት።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ከመጣሁ አራት ዓመት ሆኖኛል። ቴሌግራሜ ግን አሁንም በድሮው የኢትዮጵያ ቁጥሬ ነው፤ ሲም ካርዱ የት እንደ ገባ እንኳ አላውቅም። ያለ ችግር ይሠራልኛል። ሥጋት አለው?

መልስ፦ አዎን፣ አለው። ለረጅም ጊዜ ያልሠራ ሲም ካርድ ይዘጋል፤ ቁጥሩም ተመልሶ ለሌላ ደንበኛ ሊሸጥ ይችላል። አዲሱ ባለቤት ምንም ክፉ ሐሳብ ሳይኖረው በራሱ ቁጥር ቴሌግራም ልክፈት ቢል ኮዱን በኤስኤምኤስ ሊቀበልና የእርስዎ አካውንት ውስጥ ሊገባ ይችላል። እርስዎም ከወጡ በኋላ ኮዱ የሚደርሰው ለእሱ ስለሆነ የሚመለሱበት መንገድ ይጠብብዎታል። አሁን በስልክዎ ገብተው ሳሉ በሴቲንግስ ውስጥ ቁጥርዎን ወደ አሜሪካው ይለውጡ፤ መልእክቶችዎና ግሩፖችዎ እንዳሉ ይቆያሉ። በዚያው ቁጥር የተከፈተ ኢሜይል፣ ፌስቡክ ወይም የኢትዮጵያ ባንክ ሒሳብ ካለዎም እንዲሁ ያድርጉ፤ ባንኩ በአካል ወይም በውክልና ሊጠይቅ ስለሚችል ከእሱ ይጀምሩ።