አሥራ አንድ ጊዜ ደወልኩ፤ ከዚህ በኋላስ?

ጥያቄ፦ ከአንድ ትልቅ ኩባንያ የገዛሁት የልብስ ማጠቢያ ማሽን በሦስተኛው ወር ቆመ። የአንድ ዓመት ዋስትና አለው። 11 ጊዜ ደወልኩ። ሁሌ ሌላ ሰው ነው የሚያነሣው፣ ታሪኩን ከሀ ጀምሬ እነግራለሁ፣ «መልሰን እንደውላለን» ይሉኛል፣ የሚደውል የለም። ልተወው እንዴ?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! መተው ያለብዎት ስልኩን ነው። ስልክ የሚያነሡት ልጆች አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ የመመለስም ሆነ ዕቃ የመቀየር ሥልጣን የላቸውም፣ ስለዚህ 12ኛ ጊዜ ቢደውሉም መልሱ ያው ነው።

ዛሬውኑ ለኩባንያው ቅሬታ ሰሚ ክፍል በኢሜይል ይጻፉ፣ ለዋናው መሥሪያ ቤትም ግልባጭ ያድርጉ። አንድ ገጽ ይበቃል። መቼ እንደገዙ፣ መቼ እንደቆመ፣ በየትኞቹ ቀናት እንደደወሉ፣ ደረሰኙና ዋስትናው ተያይዞ። ከዚያ የሚፈልጉትን አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁ፤ ወይ ይቀየር፣ ወይ ገንዘቤ ይመለስ። «መፍትሔ ስጡኝ» ካሉ መፍትሔውን የሚመርጡት እነሱ ናቸው። የ14 ቀን ቀነ ገደብ ይስጡ፣ የቅሬታ ቁጥርም ይቀበሉ። መናደድዎ ይገባኛል፣ እኔም ብሆን እናደድ ነበር፣ ግን ደብዳቤው ላይ ስድብ አይግባ፤ ነገ ጉዳዩን የሚያየው እርስዎንም ኩባንያውንም የማያውቅ ሰው ሊሆን ስለሚችል ለእሱ ብለው ይጻፉት።

«አምራቹን ጠይቁ» ቢሉዎት እሺ ብለው አይሂዱ። በብዙ አገሮች ሕግ ለተበላሸ ዕቃ በመጀመሪያ የሚጠየቀው የሸጠው ነው።

የከፈሉት በካርድ ከሆነ ደግሞ አሁኑኑ ካርዱን የሰጠዎትን ባንክ ያነጋግሩ። የተበላሸ ዕቃ ሸጦ አላስተካክልም ካለ ነጋዴ ላይ ባንኩ ገንዘቡን ሊያስመልስ የሚችልበት አሠራር አለ። በቪዛና በማስተርካርድ ጊዜው ብዙውን ጊዜ 120 ቀን ነው። እርስዎ ሦስተኛው ወር ላይ ነዎት፣ የ14 ቀኑን መልስ እጠብቃለሁ ብለው ይህ እንዳያመልጥዎት።

ቀነ ገደቡ ካለፈ «የመጨረሻ አቋማችሁን በጽሑፍ ስጡኝ» ይበሏቸው፣ ባይመልሱም ፋይሉን ይዘው ወደ ሸማቾች ጥበቃ መሥሪያ ቤት ይሂዱ። እዚያ መጀመሪያ የሚጠየቁት «ለኩባንያው አመልክተው ነበር?» ተብለው ነው፣ ያኔ ደብዳቤው በእጅዎ ነው። ከዚያም በላይ ለአነስተኛ ገንዘብ ክርክር ያለ ጠበቃ የሚቀርቡበት ፍርድ ቤት በብዙ አገር አለ።

በመሃል ከደወሉልዎት ያነጋግሯቸው፣ ግን ስልኩን እንደዘጉ «ዛሬ እንዲህ ተባብለናል» ብለው በኢሜይል ይላኩላቸው።